ስለ በስተር ኪተን የጠየቃችሁኝ

ስለ ድምፅ አልባው ዘመን ኮሜዲያን ስለ በስተር ኪተን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ በቀጥታ ወደ መልሱ።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው ፊልሞቹ ላይ የማይስቀው?

መልስ፦ መድረክ ላይ ስላደገ ነው። በ1895 ካንሳስ ውስጥ ሲወለድ ወላጆቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ። እሱም ገና በልጅነቱ ገባበት። የአባትየው ዋና ቀልድ ልጁን አንስቶ መወርወር ነበር! ለመያዝ እንዲመች ልብሱ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶለታል። ታዲያ ልጁ አንድ ነገር ገባው፤ ተወርውሮ ሲስቅ ተመልካቹ ይቀዘቅዛል፣ ኮስተር ሲል ግን አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ኮስተር እንዳለ ቀረ። ፊቱ ምንም አይናገርም የምትሉ ግን እስቲ ዓይኑን እዩት።

ጥያቄ፦ ቤት የሚወድቅበት ሰውዬ ራሱ ነው ወይስ ምትክ?

መልስ፦ ራሱ ነው። በ1928 የወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ላይ ነው። የቤቱ የፊት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል፤ እሱ በላይኛው መስኮት ክፍተት ሾልኮ ቆሞ ይገኛል። ግድግዳው ሁለት ቶን ገደማ ነበር ይባላል። በትከሻውና በመስኮቱ ጠርዝ መሀል የነበረው ክፍተት ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቢቆም አለቀለት።

ጥያቄ፦ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ድምፁ አስጠልቶ ነው የወደቀው አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄ ወሬ አልሞት አለ። ድምፁ ምንም አልነበረበትም፤ መድረክ ላይ ያደገ ሰው ነው እኮ። የጎዳው ውል ነው። በ1928 የራሱን ስቱዲዮ ትቶ ኤምጂኤም የሚባል ትልቅ የፊልም ኩባንያ ገባ። የዘመኑ ኮሜዲያኖች ቻፕሊንና ሃሮልድ ሎይድ ተው ብለውት ነበር። ቀድሞ መነሻውንና መጨረሻውን ይይዛል፣ መሀሉን ከቡድኑ ጋር እየሠራ ይፈጥረዋል፤ ሐሳብ ሲጠፋቸው ቤዝቦል ይጫወታሉ። ኤምጂኤም ግን ያለቀ ስክሪፕት እጁ ላይ አስቀመጠለት፣ አደገኛ ትዕይንቶችንም ከለከለው። የሚገርመው፣ እነዚያ ደካማ ፊልሞች ገንዘብ አስገቡ! ስለዚህ ማን ይሰማዋል? መጠጡ በረታ፣ በ1932 ትዳሩ ፈረሰ፣ በ1933 ተባረረ።

ጥያቄ፦ ተቸግሮ ነው የሞተው?

መልስ፦ አይደለም። በ1940 ዳንሰኛዋን ኤሊኖር ኖሪስን አገባ፤ እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች። በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን ሥራ ሰጠው። ተዋናዩ ጄምስ ሜሰን የኪተንን የድሮ ቤት ገዝቶ ሲገባ ደግሞ የፊልሞቹን ቅጂዎች እዚያው አገኛቸው። በ1960 የክብር ኦስካር ተሸለመ፤ በ1966 በሳንባ ካንሰር አረፈ።

ጥያቄ፦ ከቻፕሊን ማን ይበልጣል?

መልስ፦ እኔ የኪተን ወገን ነኝ፤ አልደብቅም። ቻፕሊን እንድታዝኑለት ይፈልጋል፣ ኪተን ምንም አይለምናችሁም። ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት የ1952ቱን «ላይምላይት» ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከ«ሼርሎክ ጁኒየር»፣ 1924። 45 ደቂቃ ገደማ ነው። ከውኃ ጋኑ ውኃ የሚወርድበት ቦታ ላይ ልብ በሉ፤ እዚያ አንገቱ ተሰብሮ ሥራውን ቀጠለ፣ ስብራቱ የታወቀው ከዓመታት በኋላ በራጅ ነው። ከዚያ «ዘ ጄኔራል»፣ 1926። ድልድዩ ተደርምሶ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ባቡር አሻንጉሊት እንዳይመስላችሁ፤ እውነተኛ ባቡር ነው።