ገብስ ክሽክሽን በምን ይከላከላል?

ጥያቄ፦ በሰሜን ጎንደር፣ ዳባት አካባቢ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ዘንድሮ ገብሴ ላይ ክሽክሽ ገብቶ ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ነጭ መስመርም አወጣ። ድንበርተኛዬ የሆነው የጎረቤቴ ማሳ ግን ያን ያህል አልተጎዳም። ሰብሉ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ አለው ወይስ የዕድል ጉዳይ ነው?

መልስ፦ ዕድልም የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ገብስ ራሱን ይከላከላል። ክሽክሽ የምንለው ጥቃቅን ነፍሳት ቅጠል አይቆርጥም፤ መርፌ መሰል አፉን በሕዋሳት መካከል አሳልፎ ስኳርና አሚኖ አሲድ የሚያጓጉዙትን ቀጫጭን ቱቦዎች ወግቶ ይመጥጣል። ተክሉ የተወጋውን ቱቦ በፕሮቲንና ካሎዝ በሚባል ንጥረ ነገር ለመድፈን ይሞክራል፤ ክሽክሹም በበኩሉ ይህን መድፈን የሚያዳክም ምራቅ ይረጫል። ብዙ የገብስ ዓይነቶች ግራሚን የተባለ መራራ ኬሚካልም በቅጠላቸው ያዘጋጃሉ፤ መጠኑ ግን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የተጠቃ ተክል የሚያወጣው ሽታ ደግሞ ክሽክሽ የሚበሉ ጥንዚዛዎችንና በክሽክሹ ገላ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦችን ይጠራል።

የገለጹት ምልክት የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የሚባለውን ያስጠረጥራል። ይህ ነፍሳት ቅጠሉ እንዲጠቀለል አድርጎ በውስጡ ስለሚሸሸግ ጥንዚዛዋም ሆነች ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት አይደርሱበትም። እንዲያውም እንዲህ ያለው ርጭት ክሽክሹን ሳይነካ ጠላቶቹን ሊፈጅብዎ ስለሚችል፣ ከመርጨትዎ በፊት የተጠቀለለውን ቅጠል ፈልቅቀው ይመልከቱ፤ ስለ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠንም የቀበሌዎን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያማክሩ። ተቋቋሚ በሆኑ ዝርያዎች ላይ ቅጠሉ ሳይጠቀለል ተዘርግቶ ስለሚቆይ ክሽክሹ መሸሸጊያ ያጣል፤ በእኔ ግምት ከሁሉም መከላከያ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ስለዚህ ጎረቤትዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዘሩን ከየት እንዳገኘ፣ መቼ እንደዘራ፣ ዩሪያ ምን ያህል እንደጨመረ። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ዝናቡ ሲያጥርበት ገና ለጋ ሆኖ ስለሚገኝ በብዛት ይጠቃል። ከመጠን ያለፈ ዩሪያም በቱቦው ውስጥ ያለውን አሚኖ አሲድ ስለሚያበዛ ክሽክሹ ቶሎ ቶሎ ይራባል፤ ሴቷ ያለ ወንድ የምትወልድ በመሆኗ ለመብዛት ጊዜ አይፈጅባትም። ከአጨዳ በኋላ ከወደቀ ዘር በራሱ የሚበቅለው ገብስም እስከሚቀጥለው ወቅት መጠለያ ስለሚሆነው በከብት ያስግጡት ወይም በማረሻ ገልብጠው ይረሱት።

የአካባቢያችን ነባር ገብስ አብዛኛውን ጊዜ የተደባለቀ ዘር ስለሆነ በተጠቃው ማሳዎ ውስጥ ቅጠላቸው ያልተጠቀለለ ተክሎች ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህን በክር ምልክት አድርገው ዛላቸውን ለብቻ ይጨዱና በሚቀጥለው ክረምት በትንሽ መደብ ይዝሩ። ገብስ በአብዛኛው በራሱ አበባ ዱቄት ስለሚራባ ጠባዩን ይዞ ይቀጥላል። ሆኖም ክሽክሹ ሳያገኛቸው ቀርቶ ያመለጡ ተክሎችም ከመካከላቸው ስለማይጠፉ፣ በመደቡ ላይ ክሽክሽ ገብቶ ቅጠላቸው ተዘርግቶ መቆየቱን ሳያዩ ዘሩን ወደ ዋናው ማሳ አያስገቡ።