ሞተሩ እየሠራ ጨለማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የአንድ ክሊኒክ አስተዳዳሪ ነኝ። ጀነሬተራችን ጓሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። የናፍጣ በርሜሉና የኦክስጅን ሲሊንደሮቹም እዚያው ናቸው። አሁን ከአጥሩ ማዶ የቡታ ጋዝ መሸጫ ተከፈተ። ፍንዳታ ቢነሳ ጀነሬተሩ ይተርፋል? በብሎኬት ባጥረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎ የአንድ ሌሊት ሥራዬን አስታወሰኝ። ያኔ ጀነሬተር መጠገን ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። እዚሁ ጅማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የወጥ ቤት ጋዝ ፈንድቶ ተጠራሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ጀነሬተሩን ባስነሳው ወዲያው ተነሳ። አንድ አምፖል ግን አልበራም። ለካ የማዞሪያው ሳጥን፣ ማለትም ቤቱን ከመንግሥት መብራት ወደ ጀነሬተር የሚያዞረው፣ የተሰቀለው ከወጥ ቤቱ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ ነበር። ግድግዳው ይዞት ወድቋል። ሞተሩ እያጓራ እኛ በእጅ ባትሪ አደርን።

ሞተሩ ብዙ ይችላል። ቀድመው የሚጎዱት ራዲያተሩ፣ የነዳጅ ቱቦው፣ የባትሪ ገመዱና ሳጥኑ ናቸው። በፈረንጆች 1993 ኒው ዮርክ፣ የዓለም ንግድ ማዕከል ምድር ቤት ቦምብ ሲፈነዳም እንዲሁ ነው የሆነው። ጀነሬተሮቹ ተነሱ። የማቀዝቀዣ ውሃቸው ስለተቋረጠ ግን ግለው ቆሙ። ሰው በጭስና በጨለማ ውስጥ ደረጃ ለደረጃ ወረደ።

የኦክስጅን ሲሊንደሮቹን ዛሬውኑ ከናፍጣው ያርቁ። ይህን እለምንዎታለሁ። ኦክስጅን ትንሿን እሳት ያባብሳታል፤ ከዘይትና ከናፍጣ ጋር ደግሞ ጨርሶ አይስማማም።

ቀጥሎ ርቀት ነው። ጀነሬተሩን ከጋዝ መሸጫውም ከመኪና ማቆሚያውም ራቅ ወዳለ ጥግ ቢያዛውሩት ከየትኛውም አጥር ይሻላል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የፍንዳታው ግፊት ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ብሎኬቱን ይተዉት። ሆዱ ባዶ ነው፤ ሲመታ ፍንጣሪ ሆኖ ራዲያተሩን ይበሳዋል። ማዛወሩ ካልተቻለ ፌሮ ያለው ሙሉ ኮንክሪት ያሠሩ፣ በጋዝ መሸጫው በኩል ብቻ። ዙሪያውን ከዘጉት አየር ያጥረዋል፤ ያለ ፍንዳታም ግሎ ይቆማል።

የመንግሥት መብራቱና የጀነሬተሩ ገመድ በአንድ ቦይ ከሄዱ ይለያዩ፤ አለዚያ አንድ አደጋ ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል።

የማዞሪያው ሳጥን የተሰቀለበት ግድግዳ ከማዶው ምን እንዳለ ነገ ጠዋት ይዩልኝና መልሰው ይጻፉልኝ።