«6ቢ 6ቢ 4ቢ 6ቢ»፦ የከርነልን የሚሞሪ ሪፖርት ስለ ማንበብ

ቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኝ ቢሮ የሒሳብ ሰርቨር የሚጠብቁ አንባቢ፣ ሊኑክሱ በየሁለትና ሦስት ቀኑ እየደረቀ እንዳስቸገራቸው ገልጸው ሁለት ሪፖርቶች ልከውልኛል። የከርነሉን (የሊኑክስ ማዕከላዊ ፕሮግራም) የሚሞሪ መፈተሻ ካበሩ በኋላ «ፖይዝን ኦቨርሪትን» (የመፈተሻው ምልክት ተደምስሷል) ከሚለው ርዕስ ሥር ገጽ ሙሉ ቁጥር ወጣላቸው። የሪፖርቱን አድራሻዎች ወደ ኮድ መስመር የሚፈታውን ዲኮድ ስታክትሬስ የተባለ ስክሪፕት ቢያስኬዱም የሚጠቁማቸው መስመር ባዶ ቦታ ወይም ማብራሪያ ጽሑፍ ላይ ያርፋል።

ከላኩልኝ ሁሉ ዐይኔን የያዘችው በ6ቢ ሰልፍ መካከል የቆመችው 4ቢ ናት (ሁለቱም በአሥራ ስድስትዮሽ የተጻፉ የባይት ዋጋዎች ናቸው፤ በዚያ አጻጻፍ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ፊደላት አኃዝ ናቸው)። ግምቴን አስቀድሜ ልናገር፦ ጥፋቱ የኮድ ሳይሆን የራም ነው። ስለዚህ ንባቡን ከመቀጠልዎ በፊት ዳታቤዙን ያቁሙ፤ የተበላሸ ራም ያዛባውን ቁጥር ከርነሉ እውነት መስሎት ዲስክ ላይ ይጽፈዋል፣ ከዚያም ወደ ባክአፑ ይሻገራል።

6ቢ የመጣችው ከዚህ ነው። አከራይ ተከራዩ የለቀቀውን ክፍል ከመቆለፉ በፊት ወለሉ ላይ አመድ ነስንሶ፣ ለቀጣዩ ተከራይ ሲከፍት የእግር ዱካ መኖር አለመኖሩን እንደሚያይ ያስቡ። መፈተሻው ሲበራ ከርነሉም ነጻ የተለቀቀውን የሚሞሪ ቁራጭ በሙሉ በ6ቢ ይሞላና የመጨረሻዋን ባይት ብቻ ኤ5 ያደርጋታል፤ ቁራጩን መልሶ ሲያከራይ እያንዳንዷን ባይት ይፈትሻል። በዳርቻው ያለው አጥር ቁራጩ በሥራ ላይ ሳለ ሲሲ፣ ከተለቀቀ በኋላ ቢቢ ነው፤ 5ኤ ደግሞ ገና ያልተጻፈበት ቦታ ምልክት ነው። እነዚህን አምስት ምልክቶች የያዘ ሰው የሪፖርቱን ግማሽ ያለ ስክሪፕት ያነባል። አሁን 6ቢን በሁለትዮሽ ይጻፉት፦ 01101011። 4ቢ ደግሞ 01001011 ነው። የተለወጠችው አንዲት ቢት (የሁለትዮሽ አኃዝ)፣ የ32 ዋጋ ያላት ብቻ ናት፤ በሁለቱም ሪፖርቶችዎ፣ ቁራጮቹ የተለያዩ ሆነው ሳለ፣ የወደቀችው ይህችው ናት። የተለቀቀ ቁራጭ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም ስምንት ባይት አንድ ላይ ይደመስሳል እንጂ አንዲት ቢት መርጦ አይነካም። 4ቢ መሆኗ ቀርቶ 6ኤ ብትሆን ኖሮ ግን ፊቴን ወደ ኮዱ አዞር ነበር፤ ከ6ቢ ላይ አንድ ሲቀነስ 6ኤ ነውና፣ ከተለቀቀ በኋላ ቆጣሪ የቀነሰ ድራይቨር (የመሣሪያ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) የሚተወው ዱካ ይህ ነው።

ስክሪፕቱን ያሳሳተው የቀድሞው ባለሙያ ሥራ ይመስለኛል። እንደ ጻፉልኝ ሰውየው «አዲስ ከርነል ያስተካክለዋል» ብለው ጭነው ሄደዋል፤ ይህን ዓይነት ጥገና ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ሪፖርቱ የወጣው በአሮጌው ከርነል ሲሆን እርስዎ የሚፈቱት በአዲሱ ፋይል ነው። ሪፖርቱ ውስጥ የሲፒዩ ቁጥር ባለበት መስመር ላይ የተጻፈውን የከርነል ስሪት እስከ መጨረሻው አኃዝ ይቅዱና የዚያኑ ግንባታ የዲበግ (የስህተት መመርመሪያ) ጥቅል ያውርዱ። ቡት ማውጫው ውስጥ ያለው በዜድ የሚጨርሰው ቪኤምሊኑዝ የተባለው የከርነል ፋይል የታመቀ ስለሆነ አያገለግልም፤ የሚያስፈልገው በኤክስ የሚጨርሰው ቪኤምሊኑክስ ነው። ጥሬ አድራሻ አይፈልጉ፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ስክሪፕቱ የሚፈልገው የፈንክሽኑን ስምና ከመደመር ምልክቱ በኋላ ያለውን ርቀት ነው።

ሪፖርቱ ላይ «ኤጅ» (ዕድሜ) የሚለው ቁጥር ሰከንድ ሳይሆን የከርነሉ ሰዓት ምት ነው፤ ከርነሉ በ250 ኸርዝ ከተገነባ 1000 ማለት 4 ሰከንድ ነው። ቁራጩን ማን እንደወሰደውና ማን እንደለቀቀው የሚናገሩት መስመሮች የሚወጡት ስለብ ዲበግ በሚለው የማስነሻ ትእዛዝ ውስጥ የዩ ፊደል ካለች፣ ወይም ትእዛዙ ያለ ምንም ፊደል ብቻውን ከተጻፈ ነው።

አሁን ወደ ራሙ። ማሽኑን አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፣ ከዚያ ሁለቱን ዱላዎች አውጥተው ተለጣፊ ጽሑፋቸውን ይመልከቱ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ርካሽ ራሞች የአንዳንዶቹ የቀድሞ ጽሑፍ ተፍቆ ከፍ ያለ ፍጥነት ተለጥፎባቸዋል፤ ስህተት አራሚ የሌለውን የዴስክቶፕ ራም ለሒሳብ ሰርቨር የሚሸጥ ሰውም አይጠፋም። አንድ በአንድ እየሰኩ ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ያስኬዱ፤ መብራት እንዳያቋርጥብዎ ከዩፒኤስ ጋር ያገናኙት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዳታቤዙ እንደቆመ ይቆይ፤ ሠራተኛው ደሞዝ ቢጠይቅም እንኳ አያስነሡት። የድሮውን ባክአፕ በአዲሱ አይተኩት።

ሁለቱም ዱላዎች በየተራቸው ሌሊቱን ያለ ስህተት ካደሩ ግምቴ ከሽፏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በትክክለኛው ቪኤምሊኑክስ የተፈታውን ሪፖርት፣ በተለይ «ፍሪድ ኢን» (የለቀቀው) ከሚለው በታች ያሉትን መስመሮች ይላኩልኝ።