በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ብቻ አታጥኚው

ጥያቄ፦ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ሐሰተኛ መረጃ በምሥራቅ አፍሪካ እንዴት እንደሚሰራጭ ማጥናት እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ግን “በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ምን አደከመሽ? በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ከኤክስ (ከቀድሞው ትዊተር) ሰብስቢ፣ ለማሳተምም ይቀላል” ይሉኛል። ኮዲንግ አልችልም። አባቴ ደግሞ ትምህርቱን ትቼ ባንክ እንድገባና የታናናሾቼን ወጪ እንድሸፍን ይፈልጋል። ታላቅ ወንድሜ ሥራ አለው፤ ግን ሊያገባ ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። ለመሆኑ በዚህ ሙያ እንጀራ ይገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያንገበገበኝ የአማካሪሽ ነገር ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በእኛ አካባቢ ኤክስ ላይ በእንግሊዝኛ የሚከራከረው ማን ነው? አብዛኛው የተማረ ከተሜ ነው፣ ወይም ውጭ የሚኖር። የእሱን ንትርክ ሰብስበሽ “ምሥራቅ አፍሪካ” የሚል ርዕስ ብትሰጪው ጥናትሽ ራሱ ሰው ያሳስታል። ቀላል ነው የሚባለውም ድሮ ቀረ። ኤክስ ለተመራማሪዎች በነፃ ይሰጥ የነበረውን መረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 ዘጋ። ፌስቡክን ለመከታተል ሁሉም ይጠቀምበት የነበረው ክራውድታንግልም በ2024 ተዘጋ።

ናይጄሪያ ውስጥ ያለችውን የካኖ ግዛት ታሪክ አንብቢ። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ “የፖሊዮ ክትባት ልጆችን ያመክናል” የሚል ወሬ ተነዛ። ካኖን ጨምሮ የተወሰኑ ግዛቶች ክትባቱን አቆሙ። በሽታው ከዚያ ተነሥቶ ብዙ አገሮችን አዳረሰ፤ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያም ገባ። ያኔ ፌስቡክ ገና አልተፈጠረም ነበር። ወሬውን ያስተላለፉት የሚታመኑ ሰዎች ናቸው። የሃይማኖት መሪ አለበት፣ ፖለቲከኛ አለበት፣ ሐኪም ሳይቀር አለበት። ስንት ሰው እንዳጋራው መቁጠር ይህን አያሳይሽም። ማን ሲናገረው እንደታመነ ሰውን መጠየቅ አለብሽ፤ ለዚያ ደግሞ ሰውየው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው የምታወሪው።

እኔ ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከሬዲዮ ነው። የአድማጮችን ስልክ እቀበል ነበር። ሰው ስለ አንድ ወሬ ሲጠይቅ ከማን እንደሰማውና ለምን እንዳስፈራው አብሮ ይነግርሻል። ያንን ከየትኛውም የኮምፒውተር ሰንጠረዥ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ጉዳዩን አጥብቢው። ምሥራቅ አፍሪካን በሙሉ ተዪውና አንድ ርዕስ ያዢ፣ ለምሳሌ ክትባት። ሁለት ወረዳ ምረጪ፤ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ አፋን ኦሮሞ የሚነገርበት። ለሁሉም ክፍት የሆኑ የቴሌግራም ቻናሎችን፣ የቲክቶክ ቪዲዮዎችንና የሬዲዮ የስልክ ውይይቶችን ሰብስቢ። ከዚያ ወርደሽ ሰው አነጋግሪ። አማርኛውን ስትፈልጊ በሁሉም አጻጻፍ ፈልጊ፤ በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በላቲን ፊደል ጭምር። አንዱን ብቻ ከፈለግሽ ግማሹ ያመልጥሻል። በፎቶ ላይ የተጻፈና በድምፅ የተላከ ወሬ ደግሞ በቃል ፍለጋ አይገኝም፤ ቁጭ ብለሽ ማየትና መስማት አለብሽ። አሮጌ የጦርነት ፎቶ “ትናንት የተነሣ” ተብሎ ሲለጠፍ በጉግል የምስል ፍለጋ መነሻውን ታገኚው ይሆናል። አጎትሽ ለምን እንዳመነው ግን ጉግል አይነግርሽም። አማካሪሽ “አድካሚ ነው” ያሉት ይሄ ሁሉ ነው። ልክ ናቸው፣ ያደክማል። ነገር ግን አንቺ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቂያለሽ፤ ብዙ ገንዘብ ያላቸው የውጭ ተመራማሪዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ይህን በሁለት ገጽ ጽፈሽ ይዘሽላቸው ግቢ። በቃል ብቻ አትከራከሪ።

ወሬዎቹን በራስሽ ገጽ መልሰሽ እንዳትለጥፊ። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከመጀመርሽ በፊት አንብቢው።

ኮዲንጉ አያስጨንቅሽ። ለዚህ ጥናት ኤክሴል ይበቃሻል።

እንጀራውን በተመለከተ ሐቁን ልንገርሽ። መረጃ አጣሪው አፍሪካ ቼክ እ.ኤ.አ. በ2012 ጆሃንስበርግ ላይ ሲጀመር በአህጉሩ እንዲህ ያለ ተቋም ብርቅ ነበር። ዛሬ ፔሳቼክ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ያጣራል፤ እዚህ አገር ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ አሉ። ግን በዘርፉ ያለው ገንዘብ አብዛኛው የውጭ እርዳታ ወይም የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ክፍያ ነው። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች፤ በዚያው ወር ሜታ አሜሪካ ውስጥ ከመረጃ አጣሪዎች ጋር የሚሠራውን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚህ ላይ ብቻ ተማምነሽ ቤት አትከራዪ። ስትመረቂ መጀመሪያ ዜና ክፍል ወይም ሬዲዮ ግቢ፤ ጤና ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋሉ። ፒኤችዲው ይደርሳል።

አሁን ወደ ቤት። ትምህርቱን አታቋርጪ። ሥራ ያለው ወንድምሽ ለሠርጉ እየቆጠበ የታናናሾቹን ደብተር ላንቺ መተው አይችልም። ይህን አባትሽ ፊት በግልጽ ተናገሪ። የወር ወጪያቸውን በብር ጽፈሽ አቅርቢ። ወንድምሽ አሁን ስንት እንደሚሸፍን፣ አንቺ ከተመረቅሽ በኋላ ስንት እንደምትጨምሪ ተነጋገሩ። ከአቅምሽ በላይ ቃል አትግቢ። አባትሽ ይቆጣሉ ብለሽ ከፈራሽ፣ የሚሰሙት አጎት ወይም አክስት ያን ቀን አብረው ይቀመጡ።