ሊኑክስ ላይ የሠራው ኮዴ ዊንዶውስ ላይ ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የጣናን የውኃ ከፍታ ልኬት ከፋይል የሚያነብ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌያለሁ። እያንዳንዱ ልኬት 12 ባይት ነው፤ 8ቱ ሰዓቱ፣ 4ቱ ከፍታው። ፋይሉን ሜሞሪ ላይ ጭኜ በቮይድ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ፣ የሚያመለክተው ነገር ዓይነት ግን ያልተነገረ) ይዤዋለሁ። ወደሚቀጥለው ልኬት ለመሄድ ፖይንተሩ ላይ 12 እደምራለሁ። እኔ ጋ፣ ሊኑክስ ላይ፣ በጂሲሲ ኮምፓይለር (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም በሚቀይረው) ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይሠራል። ጓደኛዬ ዊንዶውስ ላይ በቪዥዋል ስቱዲዮ ሲሞክረው ግን የቮይድ መጠን አይታወቅም ብሎ አቆመው። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የጓደኛሽ ኮምፓይለር ልክ ነው፣ እህቴ።

ሲ ውስጥ ፖይንተር ላይ 1 ስትደምሪ የሚጨመረው አንድ ባይት አይደለም፤ ፖይንተሩ የሚያመለክተው ነገር መጠን ነው። ቮይድ ደግሞ መጠን የለውም። ገበያ ገብቶ «12 ስጠኝ» ብሎ ኪሎ ይሁን ኩንታል እንዳለመናገር ነው። ስለዚህ የቋንቋው ስታንዳርድ ይህን ድምር አይፈቅድም። ጂሲሲ ግን በራሱ ጭማሪ የቮይድን መጠን 1 ባይት አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ክላንግ የተባለው ሌላ ኮምፓይለርም እንደዚሁ፤ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ራሱ በዚህ ስለሚጠቀም ብዙ ሰው ሕጋዊ ይመስለዋል። ሲ11 (የ2011ዱ የቋንቋው ስታንዳርድ) ብለሽ ስታንዳርዱን መምረጥሽ ብቻውን አያስጠነቅቅሽም፤ «ኦል» የሚለው የማስጠንቀቂያ ኦፕሽንም ይህን አይነካውም። «ፔዳንቲክ ኤረርስ» የሚለውን ጨምሪበት፣ ያን ጊዜ ጂሲሲም እንደ ጓደኛሽ ኮምፓይለር እምቢ ይልሻል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፖይንተሩን ወደ አንሳይንድ ቻር ፖይንተር (ባይት በባይት የሚቆጥር) ቀይሪና 12 ደምሪ። የቻር መጠን በየትኛውም ኮምፓይለር 1 ነው። ቮይድ ፖይንተርና ቻር ፖይንተር ሜሞሪ ላይ አቀማመጣቸው አንድ ዓይነት እንዲሆን ስታንዳርዱ ስለሚያስገድድ፣ ካስት በማድረግሽ (የፖይንተሩን ዓይነት በመቀየርሽ) ፍጥነት አታጪም።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «እንግዲያው ስትራክት (ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ የያዘ ጥቅል) ልሥራና በስትራክት ፖይንተር ልሂድ» ማለትሽ አይቀርም። 8 ባይትና 4 ባይት የያዘ ስትራክት በተለመዱት 64 ቢት ማሽኖች ላይ 12 አይሆንም፣ ኮምፓይለሩ መጨረሻው ላይ 4 ባይት ባዶ ቦታ ስለሚጨምር 16 ይሆናል። አንድ ስትደምሪ 16 ትዘያለሽ፤ ከሁለተኛው ልኬት ጀምሮ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ የተሳሳተ ነው፣ ደግሞ ማንም ኤረር አይሰጥሽም። ይሄ ከመጀመሪያው ችግር ይብሳል! የጣና ከፍታ ተሳስቶ ሲነበብ ቁጥሩን ያየ ሰው ሐይቁ የጎደለ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ልኬት የሚጀምረው ባይት 12 ላይ ነው፣ 12 ደግሞ ለ8 አይካፈልም፤ ባለ 8 ባይት ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ8 በሚካፈል ቦታ እንዲጀምር ይጠበቃል። ስለዚህ እዚያ ያለውን ሰዓት በባለ 8 ባይት ፖይንተር በቀጥታ አታንብቢው። አንዳንድ ማሽን ይታገሣል፣ አንዳንዱ ፕሮግራሙን ይጥለዋል። በሜምኮፒ (ባይቶችን ከቦታ ወደ ቦታ በሚገለብጠው የሲ ፈንክሽን) 8ቱን ባይት ወደ አንድ ቫሪያብል ቅጂ፣ ከዚያ 4ቱን ወደ ሌላ። ያን ካደረግሽ በኋላ ኮዱን ለጓደኛሽ መልሰሽ ላኪለት፣ ሁለታችሁም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ልኬቶች አትማችሁ አስተያዩ።