የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሪኮመንዴሽን፦ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ

አሜሪካ ውስጥ ለጥርስ ሕክምና ለምታመለክቱ ነው። ዛሬ የምመልሰው ስለ ሪኮመንዴሽን ደብዳቤ (የሚያውቃችሁ ሰው ስለ እናንተ የሚጽፈው ምስክርነት) ብቻ ነው፤ ዳት የሚባለው የመግቢያ ፈተናና ፐርሰናል ስቴትመንት (ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ድርሰት) ለሌላ ጊዜ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ስንት ደብዳቤ ያስፈልገኛል? ከማን ከማንስ?

አድሳስ፣ ማለትም ትምህርት ቤቶቹ በጋራ የሚጠቀሙበት የማመልከቻ ድረ ገጽ፣ ቢበዛ አራት ደብዳቤ ይቀበላል። ብዙ ቦታ የሚያስኬደው ሁለት ከሳይንስ መምህራን (ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ)፣ አንድ ከጥርስ ሐኪም፣ አራተኛው ደግሞ ከምርምር ወይም ከሥራ ኃላፊ ሲሆን ነው። ሆኖም አንዱ ትምህርት ቤት የጥርስ ሐኪም ደብዳቤ ግዴታ ሲያደርግ ሌላው ጭራሽ አይጠይቅም። ኮሌጅህ የፕሪ-ሄልዝ ኮሚቴ፣ ማለትም ለጤና ሙያ የሚያመለክቱ ተማሪዎችን የሚረዳ ኮሚቴ፣ ካለው የኮሚቴውን ደብዳቤ የሚመርጡም አሉ። የምታመለክትባቸውን በሙሉ ዘርዝርና የእያንዳንዳቸውን ገጽ አንብብ፤ ጥብቅ የሆነውን መስፈርት ይዘህ ከተነሣህ የቀሩት አያስቸግሩህም።

ጥያቄ፦ 300 ተማሪ ባለበት ክፍል ኤ አግኝቻለሁ፤ ፕሮፌሰሩ ግን ስሜንም አያውቁት።

እንግዲያው «ክፍሌ ተምራለች፣ ኤ አግኝታለች» ከማለት አያልፉም። ያንን ትራንስክሪፕትሽም ይናገራል። ቢ ፕላስ ያገኘሽበት፣ ግን ኦፊስ አወር (ተማሪ በቢሯቸው በሚቀበሉበት ሰዓት) ስትመላለሺ ያዩሽ መምህር ይሻሉሻል። በደንብ የሚያውቅሽ የላቦራቶሪ ቲኤው (ረዳት አስተማሪው) ብቻ ከሆነ የእሱ ደብዳቤ ለብቻው ክብደት የለውም። ቲኤው ያየውን ይጽፍና ፕሮፌሰሩ ጨምረውበት ሁለቱም ይፈርሙ። ይህ የተለመደ ነው፤ ለመጠየቅ አትፈሪ።

ጥያቄ፦ መቼና እንዴት ልጠይቅ? ምንስ ልስጣቸው?

አድሳስ የሚከፈተው ሜይ አጋማሽ አካባቢ ነው፤ ማመልከቻ ማስገባት የሚጀመረው ደግሞ ጁን መጀመሪያ ላይ። ስለዚህ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ ጠይቅ። ሜይ የፈተና ማረሚያ ወር ስለሆነ ያኔ የሚጻፍ ደብዳቤ የጥድፊያ ደብዳቤ ይሆናል። ከተቻለ በአካል ሄደህ «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» በል። «ጠንካራ» የምትለዋን አትዝለላት። ካመነቱ አመስግነህ ውጣ፤ ለብ ያለ ደብዳቤ ጭራሽ ደብዳቤ ከማጣት ይብሳል።

እሺ ካሉህ የአንድ ገጽ ሲቪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የፐርሰናል ስቴትመንት ረቂቅና የማስገቢያ ቀን ስጣቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሳቸው ራሳቸው ያዩህን ሦስት አራት ነገር የሚያስታውስ ግማሽ ገጽ ነው። ኮርሱና ሴሚስተሩ ይጠቀስ። ለምሳሌ፦ «በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ ሪክሪስታላይዜሽን ስንሠራ አሟሚው ፈሳሽ ስለበዛብኝ የወጣልኝ ክሪስታል ጥቂት ነበር። ምክንያቱን ለይቼ ከፊሉን አሟሚ አትንኜ እንደገና አቀዘቀዝኩት።» ብዙ ሰው የሚሰጠው «ታታሪ ነኝ፣ የቡድን ሥራ እወዳለሁ» ነው፤ ከዚያ ላይ ፕሮፌሰር የሚያነሣው ነገር የለም።

ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አጭር ማስታወሻ ላክ፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ድገም። ማስታወስ ድፍረት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሻዶው ያደረግኳቸው (ሲሠሩ አጠገባቸው ሆኜ ያየኋቸው) የጥርስ ዶክተር «አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» አሉኝ።

አትጻፍ። ደብዳቤው የጸሐፊው ምስክርነት ነው፤ ያንተ ጽሑፍ በሳቸው ስም ሲገባ ማጭበርበር ነው። ደግሞም ቋንቋው ከፐርሰናል ስቴትመንትህ ጋር መንታ ሆኖ ያስታውቃል። «እኔ ብጽፍ አይቀበሉኝም፤ ግን የሚያስታውስዎትን ላዘጋጅልዎት» በልና ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ምን ሥራ እንዳየህ (ሩት ካናል፣ ክራውን፣ ጥርስ መንቀል)፣ ከታካሚ ጋር ምን እንዳደረግክ ጽፈህ ስጣቸው። ዶክተሩ አጎትህ ከሆኑ ግን ሌላ ፈልግ፤ የዘመድ ደብዳቤ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ደብዳቤውን የማየት መብቴን ልተው?

አዎ፣ ተዪው። በ1974 የወጣው ፈርፓ የሚባለው ሕግ መብቱን ይሰጥሻል፤ ነገር ግን ተማሪዋ እንደምታየው የሚያውቅ ጸሐፊ ቃሉን ይቆጥባል፤ አንባቢውም ይህን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት የጥርስ ሐኪም ነበርኩ። ማህተም ያለበት «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ከሆስፒታሉ ይዤ መጥቻለሁ። ይበቃል?

ዶክተር፣ የያዙት የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። መሥራትዎን ይመሰክራል፤ እንዴት እንደሠሩ አይናገርም። እርስዎ የሚያመለክቱት በውጭ ለተማሩ ሐኪሞች በተዘጋጀው በካፒድ ነው፤ እዚያም ደብዳቤውን የሚጭኑት ጸሐፊው ራሳቸው በኢሜይል በሚላክላቸው ሊንክ ገብተው ነው። እርስዎ በታሸገ ፖስታ ቢያመጡት አይረዳዎትም።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ሊንኩ ማንም ወደማይከፍተው የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይሄዳል ወይም ስፓም ውስጥ ይቀራል። አስቀድመው ይደውሉና የትኛውን ኢሜይል በየቀኑ እንደሚያዩ ይጠይቁ፤ ሊንኩን በላኩ ዕለትም ይደውሉ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ አርማ ባለው ወረቀት፣ ከቀንና ፊርማ ጋር በፒዲኤፍ ይሁን። የተማሩበትን ኮሌጅ ዲን ደብዳቤ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዲኑ ተቀይረው ከሆነ አሁን ያሉት ከማኅደርዎ ተነሥተው መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። «ታማኝ፣ ታዛዥ፣ ጨዋ» የሚለው የኛ አገር ምስጋና ለአሜሪካ አንባቢ ባዶ ነው። በቀን ስንት ታካሚ ያዩ እንደነበር፣ ከበድ ያለ የጥርስ መንቀል ሥራ ወይም ኢንፌክሽን እንዴት እንደያዙ ይጻፍ። አንዱን ደብዳቤ ደግሞ እዚህ ሥራዎን ካየ የጥርስ ሐኪም ቢያገኙ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊያችን ቢጽፉልኝስ?

አራተኛ ሆኖ፣ በእሳቸው ሥር ልጆች ካስተማርሽ ወይም ሥራ ከመራሽ። የሳይንስ መምህርን ቦታ ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ አንዱ ደብዳቤ ዘግይቷል። ማመልከቻውን ልያዘው?

አትያዘው፤ አድሳስ ደብዳቤ ሳይሟላ ማመልከቻ ይቀበላል። ትምህርት ቤቶቹ ግን ፋይልህ እስኪሟላ ላያዩት ይችላሉ። ያልገባ ደብዳቤ ጸሐፊውን መቀየር ይቻላል፤ አንዴ የገባን ግን ማውጣትም መተካትም የለም።

ጥያቄ፦ አምና አልተሳካልኝም። የአምናው ደብዳቤ ይሠራል?

በራሱ አይተላለፍም፤ እንደገና መጠየቅ አለብህ። ከዚያ ወዲህ የሠራኸውን በሁለት ሦስት መስመር ላክላቸውና ቀኑን ብቻ ሳይሆን ይዘቱንም እንዲያድሱልህ ጠይቅ።