ድምሩ አዲሶቹን ረድፎች ለምን ይዘላል?

እህታችን የጠየቁት ይህንን ነው፦ የሱቃቸውን የዕለት ሽያጭ በኤክሴል ይመዘግባሉ፤ ከታች አዲስ ረድፍ ሲጨምሩ ግን ድምሩ አይለወጥም፣ ፒቮት ቴብሉም (መዝገቡን ጠቅልሎ የሚያሳየው ማጠቃለያ) የድሮውን ያሳያል። በየሳምንቱ ቀመሩን በእጅ ማስረዘም ሰልችቷቸዋል።

ከመሰልቸቱ ይልቅ መርሳቱን ይፍሩት። በሒሳብ ሠራተኝነት በነበርኩበት አንድ ድርጅት ሰኔ 30 ዓመቱን ስንዘጋ የሽያጩ ድምርና የደረሰኙ ጥራዝ አልገጥም አሉ። ሁለት ሌሊት ደረሰኝ ስናገላብጥ አደርን። ለካ ቀመሩ ረድፍ 500 ላይ ቆሟል፣ መዝገቡ ግን 637 ደርሷል! ኤክሴል አንዳች የስህተት ምልክት አላሳየም። ቀመሩን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ቀመሩን ማስረዘሙን ትተው መዝገቡን ራሱን ሠንጠረዥ (ኤክሴል «ቴብል» የሚለውን) ያድርጉት። ከመዝገቡ አንዱ ሴል ላይ ሆነው ኮንትሮልና ቲን አብረው ይጫኑ፤ የመጀመሪያው ረድፍ የዓምዶቹ ርዕስ መሆኑንም ያረጋግጡለት። ቀጥሎ ለሠንጠረዡ «ሽያጭ» የሚል ስም ይስጡት። ድምሩን ሲጽፉ በሴል አድራሻ ፈንታ ሽያጭ[ብር] ብለው ይጥቀሱ፤ «ብር» የገንዘቡ ዓምድ ርዕስ ነው። ከዚያ በኋላ ከመጨረሻው ረድፍ ሥር የሚጽፉት ሁሉ ራሱ ይገባል። ድምሩን ግን ከሠንጠረዡ ሥር አያስቀምጡ፤ የማደጊያውን ቦታ ይዘጋበታል። እኔ ሌላ ሉህ ላይ አደርገዋለሁ።

ድምሩ በራሱ እንዲረዝም ኦፍሴትና ካውንት ኤ የተባሉትን የኤክሴል ፈንክሽኖች አጣምረው እንዲጠቀሙ የሚመክሩ አሉ፤ ካውንት ኤ ረድፎቹን ይቆጥራል፣ ኦፍሴት በዚያ ቁጥር ልክ የሚደመረውን ክልል ያሰፋል። ለዓመታት ሠርቼበታለሁ፤ አልወደውም። ካውንት ኤ የሚቆጥረው ባዶ ያልሆኑ ሴሎችን ብቻ ስለሆነ፣ መሐል ላይ አንድ ሴል ባዶ ከቀረ የመጨረሻው ረድፍ ከድምሩ ይወጣል። ኦፍሴት ደግሞ የትም ቦታ የሆነ ነገር በተነካ ቁጥር እንደገና ስለሚያሰላ ትልቅ ፋይል ያንቀራፍፋል።

ለፒቮት ቴብሉም ምንጩን «ሽያጭ» ይበሉት፤ ሆኖም በብዙዎቹ የኤክሴል ስሪቶች በራሱ አይታደስምና ሪፍሬሽ (አድስ) ማለትን አይርሱ። ሉሁን በይለፍ ቃል ከቆለፉት ሠንጠረዡ ማደጉን ያቆማል። የዕቃዎቹን ስም ከተቆልቋይ ዝርዝር የሚመርጡ ከሆነም ዝርዝሩን የሚያዘጋጁበት ዳታ ቫሊዴሽን የሠንጠረዥ ዓምድን እንደ ሽያጭ[ብር] ባለ አጠቃቀስ በቀጥታ አይቀበልም፤ መጀመሪያ በኔም ማናጀር (ኤክሴል ለሴሎች ስም በሚያወጣበት መስኮት) ለዓምዱ ስም አውጥተው ያንን ስም ይስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚጽፉ ከሆነ ፒቮቱ በወር ሲከፋፍል ጉድ ያመጣል። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብለው ቢጽፉ፣ ለኤክሴል ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነውና 30 ቀን የለውም፤ ስለዚህ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜን 5 ይባስ፤ 5/13/2016 ሲባል፣ ኮምፒውተሩ ወርን አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ ሜይ 13 አድርጎት ቁጭ ይላል። እኔ ቀንን፣ ወርን እና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ አርፌያለሁ።